በጣና ተፋሰስ የተፈጥሮ ማገገሚያ ሥራ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ ጉናሥር

ጤና ይስጥልኝ። በጣና ተፋሰስ የተጎዱ አካባቢዎች መልሰው እንዲያገግሙ ለሚካሄድ ሥራ የቅደም ተከተል ሐሳብ በሚያዘጋጅ አነስተኛ የባለሙያዎች ቡድን ውስጥ እሠራለሁ። ተፋሰሱ ሐይቁን ጨምሮ ወደ 15,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የተያዘልን ገንዘብና የሰው ኃይል ግን ከጥቂት ንዑስ ተፋሰሶች አያልፍም። አንዱን በመረጥን ቁጥር ሌላውን ለዓመታት እንዲቆይ እየፈረድንበት ስለሆነ፣ ልምድ ያላችሁ ሰዎች ሐሳባችሁን እንድታካፍሉኝ እጠይቃለሁ።

በአሁኑ ጊዜ የምንነጋገርባቸው ቦታዎች አራት ናቸው። አንደኛው የጉና ተራራ ነው። ርብም ጉማራም የሚነሡት ከዚያ ሲሆን፣ እርሻው ሽቅብ እየወጣ፣ አስታ የተባለው የደጋ ቁጥቋጦ ለማገዶ እየተቆረጠ፣ ጓሳ የተባለው ሣርም በከብት እየተጋጠ ተራራው ተራቁቷል። ሁለተኛው ከጉና በታች፣ በፋርጣና በደራ በኩል ያለው ተዳፋትና ሸለቆ ነው፤ ቦረቦር በየክረምቱ ማሳና የግጦሽ መሬት እየቆረሰ ይሄዳል። ሦስተኛው በፎገራ ሜዳ ያሉት ሽሸርና ወለላ የተባሉት ረግረጋማ ቦታዎች ናቸው፤ ሩዝ በተስፋፋበትና የውሃ መሳቢያ ሞተር በበዛበት በዚህ ዘመን በጣም ተመናምነዋል። አራተኛው ደግሞ በደምቢያ በኩል ያለው የመገጭ ወንዝ መግቢያ ነው። እንቦጭ የተባለው የውሃ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 በሐይቁ ላይ መጀመሪያ የታየው በዚሁ አካባቢ መሆኑን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ።

የምንጠቀምበት የነጥብ አሰጣጥ ዘዴ የመሬቱን ተዳፋትነት፣ የአፈሩን ዓይነትና የዕፅዋት ሽፋኑን እየደመረ ደረጃ ያወጣል። በዚህ ስሌት ጉና ሁልጊዜ አንደኛ ይወጣል፤ ረግረጋማዎቹ ግን ሜዳ በመሆናቸው ብቻ ሁልጊዜ የመጨረሻ ይሆናሉ። «የተፋሰስ ሥራ ከላይ ወደ ታች ነው» የሚለውም መመሪያ ይህንኑ ያጸናዋል። እኔ ግን ስሌቱ የሚለካው ጉዳት የሚደርስበትን ቦታ ነው ወይስ ጉዳት ሊደርስበት ይችላል ተብሎ የሚገመተውን ብቻ ነው የሚል ጥያቄ አለብኝ። ከዚህም ሌላ የላይኛው ወረዳ ገበሬ የሚደክምበት ሥራ ጥቅሙ ለታችኛው ወረዳ የሚሄድ ከሆነ፣ ይህ በቅደም ተከተሉ ውስጥ እንዴት ሊታይ ይገባል?

መልስ፦ ውሃልክ

ጥርጣሬዎ መሠረት አለው። በተዳፋት ላይ የተመሠረተው ስሌት የተወለደው ዝናቡ አፈሩ ከሚውጠው ፍጥነት በላይ ስለሚወርድ ጎርፍ ከየዳገቱ ይነሣል ከሚል ግንዛቤ ነው። ይህ ግንዛቤ በትግራይና በዋግ ኽምራ ደረቅ ተራሮች በአመዛኙ ትክክል ነው። በትግራይ ደጉዓ ተምቤን የተካሄዱ ጥናቶች የድንጋይ እርከን ከማሳ የሚታጠበውን አፈር በ68 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ እዚያ አካባቢ ከላይ መጀመር አያከራክርም። የጣና ዙሪያ ግን ሌላ ዓይነት አገር ነው። በጎጃምና በደቡብ ጎንደር እርጥብ ደጋዎች ክረምቱ እየገፋ ሲሄድ አፈሩ ውሃ ይጠግብና ከዚያ በኋላ የሚወርደው ሁሉ ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚጠግበው ደግሞ የሸለቆው ግርጌ ያለው ለጥ ያለ መሬትና አፈሩ ስስ የሆነበት ወይም ከሥሩ ጠጣር ንጣፍ ያለበት ቦታ ሲሆን፣ አፈሩ ጥልቅ የሆነ መካከለኛ ተዳፋት ብዙውን ዝናብ ውጦ ያስቀራል። ስለዚህ በካርታው ላይ አደገኛ ተብሎ ቀይ የተቀባው ዳገት ዝም ብሎ፣ አያሰጋም ተብሎ አረንጓዴ የተቀባው ግርጌ ሊደፈርስ ይችላል።

ከባሕር ዳር በስተ ደቡብ ባለችው ደብረ ማዊ የተሠሩት ልኬቶች ይህን በደንብ ያሳያሉ። እዚያ በሸለቆው ግርጌ የተከፈተው ቦረቦር ለወንዙ ያቀበለው አፈር፣ በዳገቱ ላይ ያሉት ማሳዎች ካቀበሉት እጅግ የበለጠ ነው። ምክንያቱም በሐምሌና በነሐሴ የከርሰ ምድሩ ውሃ ወደ ላይ ወጥቶ የቦረቦሩን ግድግዳ ከውስጥ ያርሰዋል፤ የራሰው ግድግዳ የራሱን ክብደት መሸከም ሲያቅተው ይደረመሳል፤ የተደረመሰውንም ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋል። በእንዲህ ያለ ቦታ በደረቁ ወራት የተሠራ የድንጋይ ክትር ወይም ጋቢዮን (ድንጋይ የተሞላ የሽቦ ሣጥን) ብቻውን ብዙ አይፈይድም፤ ውሃው በጎኑ አልፎ ወይም ከሥሩ ሰርስሮ ክትሩን ከንቱ ያስቀረዋል። የሚሻለው የግድግዳውን አቀበት ማስተኛት፣ ሣርና ቁጥቋጦ መትከል፣ ከብት እንዳይገባ መከልከል፣ ከሁሉ በፊት ግን የቦረቦሩን አናት፣ ማለትም ወደ ላይ እየበላ የሚሄደውን ጫፍ፣ መያዝ ነው።

በየሰነዱ የሚደጋገመው «ከእርሻ መሬት በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል» የሚለው አኃዝ እ.ኤ.አ. በ1981 ከተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ልኬቶች የመነጨ ሀገራዊ ግምት መሆኑን ልብ ይበሉ። ፕሮግራሙ አንጀኒን፣ ማይባርንና አንዲት ጥድን በመሳሰሉ ጣቢያዎች ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ሆኖም በማሳ ደረጃ የሚለካ አኃዝ ስለ ቦረቦር አይናገርም። የእናንተ የነጥብ አሰጣጥ በዚህ ዓይነት አኃዝ ላይ ብቻ ከቆመ ዋናው የደለል ምንጭ ከስሌቱ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው።

እንደ እኔ ከሆነ ሁለተኛው አማራጭዎ ይቅደም፤ በውስጡም ምርጫ አለ። ሰፍቶ፣ ጥልቅ ሆኖ ድንጋይ ላይ የደረሰና ግድግዳው ሣር ያበቀለ አሮጌ ቦረቦር ሊወስድ የሚችለውን አብዛኛውን ወስዷል፤ ይቆይ። አሁን የተከፈተው፣ ጥልቀቱ ገና ከሰው ቁመት ያልበለጠው፣ አናቱ በየክረምቱ ወደ ላይ የሚገሰግሰው ግን በአንድ በጋ ጉልበት ሊያዝ ይችላል። ሦስት ክረምት ከዘገየ ግን በዚያ በጀት የማይሞከር ይሆናል።

እርከን አያስፈልግም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ ለጤፍ ተደጋግሞ የታረሰው ማሳ ገና ራቁቱን ስለሆነ ወንዞቹ በጣም የሚደፈርሱት ያኔ ነው፤ እርከንም ያኔ ይጠቅማል። ነገር ግን ውሃ በሚቋጥር ማሳ ላይ መፋሰሻ የሌለው እርከን ሰብሉን ያቢጫል፤ ገበሬውም በማግሥቱ ያፈርሰዋል፤ ትክክልም ነው። ገበሬው ራሱ ውሃ ለማፋሰስ በማሳው ላይ የሚያወጣው ፈሰስ ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ቦረቦሩ አናት ያደርሳል። ፈሰሶቹን ሰብስቦ በሣር በተሸፈነ መውረጃ የሚያወርድ ንድፍ እስካልተዘጋጀ ድረስ ከላይም ከታችም የምንሠራው ሥራ እርስ በርሱ ይጣላል።

መልስ፦ ደንገል

ውሃልክ ስለ ውሃው አካሄድ ያስረዱት ትክክል ነው፤ በመደምደሚያቸው ግን አልስማማም። የደለል መጠን ብቻውን ቅደም ተከተል ይወስን ካልን ሐይቁን እንደ ግድብ፣ ተፋሰሱንም እንደ ደለል ምንጭ ብቻ ቆጠርነው። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ የተመዘገበው በውስጡና በዙሪያው ባለው ሕይወት ነው። በሳይንስ ስማቸው ላቢዮባርበስ የሚባሉት የጣና ዓሣዎች አብዛኛዎቹ ዝርያዎች በሌላ በየትኛውም የዓለም ክፍል አይገኙም፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ሽቅብ ወጥተው በንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ጠጠሩ በደለል ሲደፈን፣ አሸዋና ጠጠሩ ለግንባታ ሲጫን ወይም መንገዱ በግድብ ሲዘጋ የሚጠፋው ነገር በኋላ ችግኝ ተክለን የምንመልሰው አይደለም።

ስለዚህ በቅድሚያ የሚጠየቀው ጥያቄ «ዛሬ ካልተነሣን ለዘለዓለም የምናጣው የትኛውን ነው?» የሚለው ይሁን። የተራቆተ ዳገት ከአሥር ዓመት በኋላም ቢከለል ያገግማል፤ ቀስ ይበል እንጂ ይመለሳል። ሽሸርና ወለላ ግን ታርሰው ሩዝ ማሳ ሆነው የባለይዞታ ደብተር ከወጣባቸው በኋላ ማን ያስመልሳቸዋል? እነዚህ ረግረጋማዎች የክረምቱን ሙላት ይይዛሉ፤ ከማሳ ታጥቦ የሚመጣውን አፈርና ከአፈሩ ጋር የተጣበቀውን የማዳበሪያ ፎስፈረስ ያስቀራሉ፤ ከሩቅ አገር የሚመጡ ቁራቁራዎችና ሌሎች የውሃ ወፎችም በበጋ ይሰፍሩባቸዋል። እንቦጭን በየዓመቱ በእጅና በማሽን ስንነቅል ኖረናል፤ የሚመግበውን ንጥረ ነገር በመንገዱ ላይ የሚያስቀረውን ደንገልና ሣር ግን ከዳርቻው እያጠፋን ነው። የአራተኛው አማራጭዎ መፍትሔ በከፊል ሦስተኛው ውስጥ፣ በከፊል ደግሞ ከጎንደርና ከባሕር ዳር በሚወጣው ፍሳሽ አያያዝ ውስጥ ይገኛል። የከተማ ፍሳሽ በዝርዝርዎ ውስጥ ጨርሶ አለመነሣቱ ይታሰብበት።

ስለ ጉናም አንድ ነገር ልጨምር። እዚያ «ማገገም» ማለት ባሕር ዛፍ መትከል ማለት እንዳይሆን እለምናለሁ። ከአስታው ወሰን በላይ ያለው የጓሳ ሣርና የጅብራ ተክል አገር ዛፍ የጎደለው ጫካ አይደለም፤ በተፈጥሮው እንዲሁ ነው። የሚያስፈልገው ከእርሻና ከልቅ ግጦሽ ዕረፍት ነው። የመንዝ ጓሳ ማኅበረሰብ ሣሩን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት እየዘጋና ለአጨዳ እየከፈተ ለዘመናት ጠብቆት ኖሯል፤ ሥርዓቱ እ.ኤ.አ. በ1975 የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ማኅበረሰቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቁሞታል፤ ዛሬም ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው እዚያ አሉ። በደቡብ ጎንደር ዳገቶች ላይ ከቀሩት የአገር በቀል ዛፎች ብዙዎቹ በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ግቢ ያሉ ናቸው። ወይራው፣ ጽዱና ዋንዛው ዘር የሚሰጡን እነዚያ ስለሆኑ፣ አዲስ ቦታ ከመክፈት በፊት በዙሪያቸው የድንጋይ ካብ መሥራትና ጥቂት ሜትር ማስፋት ትንሽ ወጪ የሚጠይቅና ብዙ የሚያተርፍ ሥራ ነው።

መልስ፦ የወረዳ ሰው

ሁለቱም ወንድሞች በዕውቀት ተናግረዋል። እኔ በወረዳ ደረጃ በተፈጥሮ ሀብት ሥራ ላይ የቆየሁ ሰው ነኝና ካርታው ቀበሌ ሲደርስ ምን እንደሚሆን ልናገር።

በየዓመቱ ከጥር ጀምሮ ሕዝቡ በነፃ ጉልበቱ ወጥቶ ይሠራል። ሪፖርት የሚደረገው በኪሎ ሜትር የተሠራ እርከንና በቁጥር የተተከለ ችግኝ ነው። ካለፈው ዓመት እርከን ምን ያህሉ እንደቆመ የሚጠየቅበት ቅጽ ግን ብዙ ጊዜ የለም። በዚህ ምክንያት አንድ ዳገት በተለያዩ ዓመታት እንደ አዲስ ሲሠራ፣ ከጎኑ ያለው ሸለቆ ሳይነካ ይቀራል። በቅደም ተከተሉ ውስጥ «የቀድሞው ሥራ ተጠብቋል ወይ?» የሚል መስፈርት ካልገባ፣ ገንዘቡ በሚፈርስ ነገር ላይ እየፈሰሰ ይቀጥላል።

ከሁሉ የሚበልጠው የልቅ ግጦሽ ጉዳይ ነው። ቦረቦር ቢታከም፣ ረግረጋማው ቢከለል፣ ጉና ቢዘጋ፣ ኅዳር ላይ መኸር ሲነሣና ከብቱ በሙሉ ሲለቀቅ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከአማራጮቹ መካከል ነዋሪው ራሱ የግጦሽ መተዳደሪያ ደንብ ያወጣበት፣ የሚታጨደውን ሣር ማን እንደሚወስድ የተስማማበት፣ መሬት የሌለው ወጣትም ከንብ ወይም ከሣር ሽያጭ ድርሻ ያገኘበት ንዑስ ተፋሰስ በሳይንሱ ሁለተኛ ቢወጣ እንኳ በሥራ ይቅደም እላለሁ። ይህን የምለው ሳይንሱን ለመናቅ አይደለም፤ ያልተጠበቀ ሥራ ለሳይንሱም ስለማይጠቅም ነው። መመሪያው የማኅበረሰብ ተፋሰስን ከ200 እስከ 500 ሄክታር አድርጎ የወሰነው ሰዎች ተያይተው ሊነጋገሩ በሚችሉበት መጠን እንዲሆን ነው ብዬ አምናለሁ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የተፋሰስ አዋጅ ቁጥር 1223 ደግሞ ተጠቃሚዎቹ በማኅበር ተደራጅተው ያለሙትን እንዲያስተዳድሩ መንገድ ከፍቷል፤ ማኅበር ያለበት ቦታ ያለ ጥርጥር ይመረጥ።

በወላይታ የሁምቦ ሥራ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። 2,728 ሄክታር ተራራ ያገገመው በዋነኛነት በችግኝ ሳይሆን፣ በመሬት ውስጥ የቀሩት ጉቶዎች እንዲያቆጠቁጡ ተደርጎ፣ ነዋሪዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው የመጠቀም መብት ካገኙ በኋላ ነው። ወደ እኛ ስንቀርብ ደግሞ በአዊ ፋግታ ለኮማ ገበሬው ማንም ሳያስገድደው ማሳውን ዲከረንስ በተባለው የግራር ዓይነት ዛፍ ሸፍኖታል፤ ከሰሉ ገንዘብ ስለሚያስገኝለት ነው። እርግጥ በአንድ ዓይነት ዛፍ የተሸፈነ መሬት አገግሟል ማለት አይቻልም፤ የዝገት በሽታ ገብቶ ያደረሰውንም ጉዳት አይተናል። ነገር ግን ጥቅሙን በዓይኑ ያየ ገበሬ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚንቀሳቀስ ከዚያ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

የላይኛውንና የታችኛውን ወረዳ በተመለከተ የጠየቁት ከባድ ነው። በፎገራ ሩዝ የሚያመርተው ገበሬ ማሳው በደለል ወይም በሙላት ሲጠፋበት ይጎዳል፤ የጉናው ገበሬ ደግሞ ውርጭ ላይ ያለችውን የገብስ ማሳውን ተው ሲባል የሚበላው ያጣል። አንዱ ለሌላው የሚከፍልበት ሥርዓት እስኪበጅ ድረስ፣ ቢያንስ ለላይኛው የሚሰጠው ሥራ የራሱን ጓዳ የሚሞላ፣ ለምሳሌ መኖ፣ የተሻሻለ የድንች ዘርና ለማገዶ የሚሆን ዛፍ ከቤቱ አጠገብ የሚያስገኝ ይሁን። ይህ ሳይሟላ ጉናን መዝጋት ፍትሕም አይሆንም፤ አይዘልቅምም።

መልስ፦ የባቱ ነዋሪ

እኔ ከስምጥ ሸለቆ ስለሆንኩ በአጭሩ አንድ ማስጠንቀቂያ ላቅርብ። የመቂና የከታር ወንዞች ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ በኩል አብያታ ሐይቅ ይደርሳል፤ ከአብያታ ወዲያ መውጫ የለም። በላይ በአርሲና በጉራጌ ተራሮች እርከንም ችግኝም ተሠርቷል። ሆኖም በወንዞቹና በዝዋይ ዙሪያ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ እየበዛ ቡልቡላ ሲመነምን፣ በአብያታ ዳር ሶዳ አሽ የተባለውን የኢንዱስትሪ ጥሬ ዕቃ ለማምረት የሚሳበውም ሲጨመርበት፣ አብያታ ብዙ ስፋቱን አጥቶ ጨዋማነቱ ጨመረ፤ ዓሣውም አለቀ። በአጠገቡ ባለው በሻላ ሐይቅ ደሴት የሚራቡት ይብራዎች ከአብያታ ያገኙት የነበረውን ምግብ ፍለጋ ርቀው መሄድ ግድ ሆነባቸው። ችግሩ የውሃ ድልድል ሆኖ ሳለ መፍትሔው በአፈር ጥበቃ ብቻ ተፈለገ።

በጣናም ግድቦቹ፣ የመስኖ ሞተሮቹና ከሐይቁ ወደ በለስ ወንዝ የሚወሰደው ውሃ በአንድ ሚዛን ላይ ካልተቀመጡ፣ ሽሸርና ወለላ በአጥር ቢከበቡ እንኳ ውሃ አይደርሳቸውም። ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት እያንዳንዱ ቦታ የተጎዳው በአፈር ነው፣ በውሃ መነሣት ነው፣ በብክለት ነው ወይስ በግጦሽ ነው የሚለውን ለዩ። ሁሉንም በአንድ የነጥብ ሠንጠረዥ መደመር በሽታዎቹን ያደባልቃል።

ጉናሥር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከእናንተ የተረዳሁት አንዱን አማራጭ ከሌላው አስቀድሞ መደርደር ሳይሆን ሠንጠረዡን ራሱን መቀየር እንደሚገባን ነው። ለቡድኑ የማቀርበው አንድ ወንዝ መርጠን፣ ለምሳሌ ጉማራን፣ ከጉና እስከ ሐይቁ ዳር በአንድነት እንድናየው ነው፤ በላይ ዕረፍት፣ በመካከል አዳዲስ ቦረቦሮች፣ በታች ረግረጋማው። ርብ ላይ ግድብ ስላለ የውሃው ሁኔታ ውስብስብ ነው። ግን በአራት ቦታ ጥቂት ጥቂት ከመሥራት በአንድ ወንዝ ላይ ሙሉ ሥራ መሥራት ሌሎቹን ወረዳዎች ያስከፋልና፣ ለዚህ ምን ዓይነት ማስረጃ ብይዝ ይሻላል? ወደ አንዳንድ ቀበሌዎች መግባት በጸጥታ ምክንያት አስቸጋሪ መሆኑንም ግምት ውስጥ አስገቡልኝ።

መልስ፦ ውሃልክ

በአንድ ወንዝ ላይ ማተኮሩን እደግፋለሁ፤ ደንገል ስለ ረግረጋማዎቹ ያሉትም አሳምኖኛልና የማሳ ድልድሉ ሳይሰፋ የሽሸርና የወለላ ወሰን ዘንድሮውኑ በችካል ይለይ። ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የቀበሌውን ስምምነትና የመሬት አስተዳደሩን መዝገብ ነው የሚጠይቀው።

ለማስረጃው ደግሞ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በጉማራ ውስጥ የሚመሳሰሉ ሁለት ትናንሽ ንዑስ ተፋሰሶችን ምረጡ፤ አንዱ ይሠራበት፣ ሌላው ለጊዜው ይቆይ። በሁለቱም መውጫ ላይ የውሃ ከፍታ ማንበቢያ ችካል ተክላችሁ ከሰኔ እስከ መስከረም በየቀኑ ከፍታው እንዲነበብ፣ ጎርፍ ሲመጣም የውሃ ናሙና በጠርሙስ እንዲቀዳ አድርጉ። የአካባቢው የትምህርት ቤት ተማሪ ወይም ገበሬ በአነስተኛ ክፍያ ሊሠራው ስለሚችል ባለሙያ መግባት በማይችልበት ሳምንትም ልኬቱ አይቋረጥም። የመጀመሪያው ክረምት ሥራ ሳይጀመር የሚለካበት ይሁን፤ ያለዚያ ልዩነቱ ከሥራው ይሁን ከዝናቡ መለየት አይቻልም። በቦረቦሮቹ አናት ላይም ችካል ተክላችሁ ጫፉ በክረምቱ ስንት ሜትር እንደሄደ መስከረም ላይ በገመድ ለኩ። ለሌሎቹ ወረዳዎች ያንን ልኬትና የታጨደውን የሣር ሸክም ብዛት አብራችሁ ብታቀርቡ፣ ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ ለመነጋገር የሚያስችል ነገር በእጃችሁ ይኖራል።